ሞሉ ሞላ

ቆርቆሮው ዛገና ሥዕሉ ደበዘዘ፣
የጮቄ ንፋስ ነው ጠርዙን የገዘገዘ።
ስድስት ፎቅ ነበረ፤ አራት ክረምት አለፈው፣
የታቹን ሁለቱን ፍየል ቀረጠፈው።
ከላይ ሰገነት ላይ አንዲት ሴት ቆማለች፣
ፌስታል አንጠልጥላ ገና ትስቃለች፤
መውረጃ እንደሌላት ማን በነገራት።

እዚህ ነበር ሱቄ፤ ሱቅ ካሉት በረንዳ፣
ሱሪ የማሳጥር ለመንገድ እንግዳ።
ከጎኔ እናንዬ በርበሬ ስትሰፍር፣
ይበልጣል ባንድ ዓይኑ ሰዓት ሲመረምር፣
በደንበኛ ተኳርፈን፣ በዝርዝር ታርቀን፣
ውሽንፍር ሲመጣ ባንድ ሸራ ታጭቀን፣
የማርቆስን ቅዳሜ እንዲህ ነው የገፋነው።

«ሁለት ዓመት ታገሡ» አሉን።
ቁጥር ሰጡን፣ ማሕተም ያረፈበት።
የኔ ዐሥራ አራት ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ከሚንቀሳቀሰው ደረጃ አጠገብ።
እናንዬ ጠየቀች፦ «ደረጃው ከሄደ
እኛስ ምን ላይ እንቁም?»
ሳቁ መሐንዲሶቹ። እኛም አብረን ሳቅን።

ከዚያ ጉድጓድ ሆነ።
መጀመሪያ ሲሚንቶ ጠፋ ተባለ፣
ቀጥሎ ብረቱ፣
ቀጥሎ ብድሩ፣ ቀጥሎ አበዳሪው፣
ኋላም የሚጠየቅ ሰው።
ይበልጣል ቡሬ ሄደ። ለጥገና የሰጠሁት ሰዓቴ
እሱ ዘንድ ቀረ፤
ስንት ሰዓት እንደሆነ እሱ ነው የሚያውቀው።

ነሐሴ ላይ ዘበኛውን፣ በአጥሩ ቀዳዳ፣
«አያ ገደፋው፣ ሞሉስ?» ብለው፣
«ሞሉማ» አለኝ፣ «ሞላ። ጢም ብሎ፣ እስከ አፉ።»
የመጀመሪያዋ ተከራይ እንቁራሪት ናት፤
ሌሊቱን ሙሉ ዋጋ ትጠራለች።
ሁለት ዳክዬዎች መጥተው፣ ቦታውን አይተው፣
ሳይስማማቸው ሄዱ።

እኛ ደግሞ ቀስ በቀስ፣ ማንም ሳይጠራን፣
ወደ አጥሩ ተመለስን፤ በውጭ በኩል።
እናንዬ ቆርቆሮው ላይ ሚስማር መታች፣
ዘንቢሏን ሰቀለች።
እኔም ሲንጀሬን አስጠጋሁ።
አጥሩ ሱቅ ሆነ፤ ሱቁ ገና አጥር ነው።

ትናንት ከማዘጋጃ ቤት አንድ ልጅ መጣ፣
ሥዕሉን ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ፦
«እንግዳ አለብን፤ ለዓርብ ስፋልን።»

ጣቃ ከየት ላምጣ ለሁለት ፎቅ ሙሉ?
አሮጌው ሸራችን ነበረ ከጓዳዬ፤
ዘረጋሁ፣ ለካሁ፣ በርበሬው ሳይለቀው፣
ጣፍኩት ከሥዕሉ ጋር፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥሜ።
መርፌዋ ስትወጣ፣ መርፌዋ ስትገባ፣
ዐሥራ አራት ቁጥር ጋ ትንሽ ቆም አልኩና
ለሰገነቷ ሴት፣ ምናልባት ብትወርድ፣
በር የሚያህል ቦታ ሳልሰፋ ተውኩላት።

«ሒሳቡስ?» ብለው ልጁን፣
«ሲመረቅ» ብሎኝ ሄደ።