የባቲው ደቂቃ

ደሴ፣ ወንጀል ችሎት፤ መስኮቱ ጦሳን ያያል፤
እኔ መዝገብ ጸሐፊ ነኝ፣ ጣቴ የሰማውን ይጽፋል።
አስተያየት አልጠየቅም። ነጥብ፣ ሰረዝ፣ ቀን፣ ፊርማ፤
ዛሬ ግን ሳልጽፈው የቀረ አንድ ነገር አለ፣ ስማ።

ተከሳሽ ይመር አበጋዝ፣ የተሳቢ መኪና ሾፌር፤
አራት መቶ ኩንታል ማዳበሪያ፣ ከጅቡቲ ወደዚህ አገር።
ሚሌን በሌሊት አልፎ፣ ባቲ ላይ ፊቱን ታጥቦ፣
ኮምቦልቻ ሊነጋ ሲል፣ ሽፋሽፍቱ ተደራርቦ…

ከድጃ ሙሄ ከፋብሪካ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣
የጥጥ ብናኝ ከሻሿ ላይ እያራገፈች፣ ፈዝታ፣
ወደ አልጋዋ ነበረች።

ሁለት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አንድ አስፋልት ላይ ተገናኙ፤
እሱ መሪ እንደ ጨበጠ፣ እሷ ጥግ ይዛ፣ ሁለቱም ተኙ።
እሱ ግን ነቃ።

ዐቃቤ ሕጉ፦ «እንቅልፍ ሌባ አይደለም፣ ሳያንኳኳ አይገባም፤
ዐይን ያሳክካል፣ ያዛጋል፤ ‹አልሰማሁም› ማለት አይረባም።»
ጠበቃው፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ የተኛ ሰው ሐሳብ የለው፤
ሐሳብ የሌለውን እጅ በምን ሕግ ነው የምናስረው?»
ሁለቱንም ጻፍኩ። ሁለቱም እውነት መሰለኝ።

አህመዲን፣ የሟች ባል፣ ቆሞ ጣራውን እያየ፦
«ሃያ ዓመት ብትፈርዱበትም፣ ከድጃ በሩን አታንኳኳም።
ሻይ ጥጄ ስጠብቃት ነበር። እኔ የምጠይቀው አንድ ነው፤
ያን ሌሊት እሱን ‹ሂድ› ያለው ማነው?»

ረዳቱ ኑርዬ ቀረበ፤ ጢም ያልነካው ጉንጭ፣ የሰፋው ጃኬት፦
«ባቲ ላይ ‹ትንሽ ልረፍ› ብሎ ወንበሩን አጋደመ ለጥቂት።
ስልኩ ጮኸ። ጌታው ናቸው፣ የመኪናው ባለቤት፤
‹ሦስት ሰዓት ላይ መጋዘን ካልገባ ሌላ ሾፌር አላጣም› አሉት።
ወንበሩን ወዲያው መለሰ፤
ከጀሪካን ውሃ ፊቱ ላይ አፈሰሰ፤
ጫት በጉንጩ፤ ሞተሩ ተቀሰቀሰ።
እኔ ተኛሁ።»
ይህን ሲል የልጁ አንገት ተሰበረ፣ ተከሳሹ እሱ እንደሆነ።

እኔ ዳኛ ብሆን (አይደለሁም፤ ደመወዜም ይመሰክራል)
እንቅልፉን አልከስም ነበር፤ ከሞት ወንድም ጋር ማን ይከራከራል?
የምከሰው ያችን ነው፣ የባቲዋን ደቂቃ፤
ቁልፉን ያዞረው እጅ የሚያውቅ ነበር፣ የነቃ።
ያንን ስልክም ጎትቼ ተከሳሽ ሳጥን አቆማለሁ፤
«ስትደውል የት ነበርክ?» ብዬ ባለቤቱን እጠይቃለሁ።
ከብርድ ልብስ ሥር ነበር፣ ዐንድ እጁን ብቻ አውጥቶ፤
ስልኩን ዘግቶ ዞር አለ፤ አደረ አንኮራፍቶ።

ፍርዱ ተነበበ። ሦስት ዓመት ከስድስት ወር፤ መንጃ ፈቃዱ ታገደ።
የባለቤቱን ስም አንድ ጊዜ ጻፍኩት፣
ከሰሌዳ ቁጥሩ አጠገብ፣ ንብረትነቱ የማን እንደሆነ ለመግለጽ።

አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ወደ ኮምቦልቻ፣ በሚኒባስ።
ሐረጎን ስንወርድ ጉሙ መስታወቱን ይልሳል፤
ወያላው ብር ይቆጥራል፤
ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያያል።
እኔ የኋላ ማሳያውን አየሁ፦ የሾፌሩ ዐይን
ከበድ። ዝቅ። ቀና።
ደግሞ ዝቅ።
ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል ጽፋ ቃል ያልተነፈሰች ሴት፣
«ወንድሜ! ስንት ልጆች አሉህ?» ብዬ ጮኽኩበት።
ደነገጠ። «ሁለት።»
«ስማቸው ማነው? ትልቁ ስንተኛ ክፍል ገባ?
ሒሳብ ይወዳል? ማታ ማን ያስጠናዋል?»
አጠገቤ ያለችው ሴት ሸሸት አለች፣ ያበድኩ መስሏት።
እስከ ቦርከና ድልድይ ድረስ ጥያቄ አላለቀብኝም።

ስወርድ፣ «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነው» አለኝ፣
ማንም ሳይጠይቀው፣ ቃሉን እንደሚሰጥ ሰው።
ምን እንደምለው ሳስብ
ወያላው በሩን ከፍቶ፦
«ደሴ! ደሴ! አንድ ሰው የቀረው!»