የሁለት ሰዓት ኪኒን

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከተረፈው የጤፍ ማሳ ሳንርቅ፣
ቴሌቪዥኑ ሥር፣ በሻይ ቅጠል ጣሳ፣
ሮዝ ኪኒን አለችኝ፣ እኔን የማትረሳ።
የሁለት ሰዓት ዜና ሙዚቃው ሲመታ
አንድ ከግማሽ እውጣለሁ፣ ማታ ማታ።

ደረቴ ውስጥ ብረት አለ።
በልጅነቴ ቶንሲሉ ወርዶ ልቤን ስለበላ፣
ሐኪሞቹ አንዱን በር ነቅለው ገጠሙልኝ ሌላ።
ቀጭ፣ ቀጭ ይላል ቤቱ ጸጥ ሲል፣
ልጄ እዩኤል «እማ ሰዓት ዋጠች» ብሎ ለጎረቤት እስኪል።
ብረት ደም ያረጋል፤ ስለዚህ ደሜ ይቅጠን፣
ግን እንዳይበዛ፣ ግን እንዳያንስ፣ በልክ፣ በመጠን።
ጎመን እንኳ በጭልፋ ነው፤ ሁዳዴ ሲይዝ ሲስተር መስተዋት
ትደውላለች፦ «ማንአህሎሽ፣ ስንት ጭልፋ በላሽ ትናንት?»

መጀመሪያ ሰሞንማ፣
ካርዴ ላይ «ስምንት ሰዓት» ተብሎ ተጽፎ፣
እኔም በስምንት ሰዓት፣ ምሳ ተበልቶ አልፎ፣
በጠራራ ፀሐይ ስውጥ ከረምኩ፣ ሦስት ወር፤
የፈረንጅ ስምንት መሆኑን ማን ነግሮኝ ነበር?
ሲስተር መስተዋት ስትሰማ ግንባሯን ይዛ ሳቀች፣
በካርዴ ጀርባ «ማታ፣ ከዜና ጋር» ብላ ጻፈች።
ከዚያ ወዲህ ዜና አንባቢው ክራቫቱን አስተካክሎ
እኔን የሚጠብቅ ይመስለኛል፣ «ዋጥሽ?» ብሎ።

ዘንድሮ ዕቁቡ ደርሶኝ ጓንዡ ልሄድ ሆነ፣
መጋረጃና ዘንግ ላመጣ፤ ልቤ በብረቱ ጨከነ።
ሲስተር መስተዋት በጣቷ ቆጠረች፦ «አምስት ሰዓት ይቀድሙናል፤
እኛ ዜና ስንሰማ እዚያ ሌሊት ሰባት ይሆናል።
ለዘጠኝ ቀን ከሆነ ግን የቻይና ሰዓት ውስጥ አትግቢ፤
በኮዬ ሰዓት ዋጪ። ካመለጠሽም አትደርቢ።»

ስልኬ ከዳኝ። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ሳይጠይቀኝ ዞረ፣
ማንቂያው በነሱ ምሽት፣ በእኛ ከቀኑ ዘጠኝ፣ መጮህ ጀመረ።
የእጄ ሰዓት ብቻ፣ እጄን እንደያዘ፣ ኮዬ ቀረ።

እዩኤል ማታ ማታ ስልኩን ከቴሌቪዥኑ አስጠግቶ
ይልክልኛል፣ ሙዚቃውን ከ«እማ፣ ጀመረ!» ጋር ድምፅ ቀድቶ።
አምስት ሌሊት እንዲህ ሆነ።
ክፍሉ ጠባብ፣ ውሃው ለብ ያለ፣ ብርጭቆው ወረቀት፤
ኮዬ በጆሮዬ ትገባለች፣ እኔም እውጣለሁ፣ በሌሊት።

በስድስተኛው ግን ምንም የለም።
ሰባት ሆነ። ከሰባት ከዐሥር። ስልኬ ጨለማ።
ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ ይሆን? ልጄ ታሞ ይሆን? ማንን ልስማ?
ኪኒኗ ከነግማሿ ላብ ነክቷት ቀለሟን ለቀቀች፣
መዳፌ ሮዝ ሆነ።
ያኔ ደረቴ ውስጥ ያቺ ብረት ተናገረች፦
ቀጭ። ቀጭ።
የፈረንጅም፣ የሀበሻም፣ የማንም ያልሆነች፣
ሩብ ጉዳይ የማትል፣ ዝም ብላ የምትሄድ ነች።
ዋጥኩ።

አሁን ተመልሻለሁ። መጋረጃው ሳሎኑን ሞልቶታል፣
እንቅልፌ ግን ጉምሩክ ላይ ቀርቷል።
በቀትር አዛጋለሁ፣ በሌሊት ጨርቅ እለካለሁ፤
ከእትዬ በየነች ደግሞ፣ ደረጃው ላይ፣ ወሬ እሰማለሁ፦
ያን ማታ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፍቶ፣
በሁለት ሰዓት ልክ እዩኤል በረንዳ ላይ ወጥቶ፣
ፀሐይ ወደምትወጣበት ዞሮ
«እማ፣ ጀመረ! እማ፣ ጀመረ!» ሲል ጮኸ አሉ፣ እስኪደርቅ ጉሮሮ።
ሦስት ብሎክ ሰምቷል፤ አንዱ እንዲያውም «ምኑ?» ብሎ መልሷል።

ጠየቅሁት። «ውሸቷን ነው» አለኝ፣ ዐይኑን ከደብተሩ ሳያነሳ።
ዜናው ጀመረ።
ተነሥቶ አመጣልኝ፣ ውሃውንና ያንን የሻይ ቅጠል ጣሳ።