አሥራ አንድ ደቂቃ

ከዚራ ነው፤ ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ በስተጀርባ፣
ቅዳሜ ከዐሥር በኋላ ባቡራችን የሚገባ።
ክፍሏ ጠባብ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ይግላል፤
ሚያዝያ ላይ ሙጫው እንኳ ሳይጣበቅ ይቀልጣል።
ጠረጴዛው በር ነው፤ ከፈረሰ ቤት የመጣ፣
ማጠፊያው ያልተነቀለ፣ ቁልፉ ብቻ የወጣ፤
ሁለት በርሜል ላይ አጋድመን አገር አደረግነው፣
የደቻቱን አሸዋ በሻይ ማጥለያ ነፍተን አለበስነው።

ሀዲዱ የብስክሌት ራጂ፣ ፉርጎው የሰርዲን ቆርቆሮ፣
ሞተሩ ከሞተ ቴፕ የወጣ፣ ሲነሳ የሚያሰማ እሮሮ፤
የኤረር ግራር ሁሉ የበርጫ ገረባ ነው፣
ተራራው የሲሚንቶ ከረጢት፣ ረግጠን ያጣጠፍነው።

ዘውገ ነጂ ነበር (ድሬ ላይ አንቱታ የለም)፣ ጁሃር ባለ ቶርኖ፣
የሁለቱም መነጽር ዛሬ በክር ታስሮ ተጠግኖ።
እኔ መስኮት ላይ ቲኬት ስቆርጥ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬ፣
«እትዬ መስኮት» ይሉኛል፣ ተዘግቶም እስከ ዛሬ።
ሂክማ የጁሃር የልጅ ልጅ፣ ሽቦ በያጅ፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ፣
ባቡር ተሳፍራ አታውቅም፤ «በእንቅልፏ ታፏጫለች» ትላለች እናቷ።
ሮብሌ ግን
ሮብሌ ባለ ባንዲራ ነው፤ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣
ከከረሜላ ወረቀት፣ በስንጥር ላይ የተሰካ፤
እሱ አረንጓዴ ሳያሳይ ሞተር አይነካ።

የሦስተኛ ማዕረግ ፉርጎ ቀለሙ ምን ነበር ብለን
ሦስት ቅዳሜ ተጣላን።
ጁሃር በወላሂ ማለ፤ «ቡናማ!»
ዘውገ በቁልቢው፤ «አረንጓዴ ነው፣ ዓይን ባይኖርህ ስማ!»
ሂክማ ሰለቻት፤ አንዱን ጎን ቡናማ፣ አንዱን አረንጓዴ ቀባችው፤
ከዚያ ወዲህ ሁለቱም በየጎናቸው ተቀምጠው፣
«አላልኩም?» ይባባላሉ፣ ሻያቸውን ፉት ብለው።

በግንቦት የሮብሌ ዱካ ባዶ ዋለ።
ስኳሩ እግሩን ይዞት፣ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ ተባለ።
ሁለት ቅዳሜ ባቡሩ ቆመ።
ሂክማ፣ «እኔ ላውለብልብ፤ ወረቀት አይደል እንዴ?» ስትል፣
ዘውገ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ ጠረገ።
ባንዲራውንም ፈለግን፤ መሳቢያው ውስጥ የለም።

በሦስተኛው ባጃጅ ጠራን።
በሩ በግራ በቀኝ ወጥቶ፣ ጁሃር ከኋላ አቅፎት፤
ደቻቱ ድልድይ ላይ ትራፊክ አስቆመን።
«ምንድን ነው?»
«ባቡር።»
ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ በእጁ አሳለፈን።
ገንደ ቆሬ፣ ከሮብሌ ደጃፍ ስንደርስ ጉድ ፈላ፤
በር የነበረው ጠረጴዛ በበር አልገባም አለ።
አጋደምነው፣ አቆምነው፤ የሰፈር ልጅ ሁሉ አዛዥ ሆነ።
በመጨረሻ ሀዲዱን ፈታን፤ ምንጣፉ ላይ፣ በአልጋው ዙሪያ ዘረጋን።
አልጋው ሥር ዋሻ ሆነ።

ሮብሌ በክርኑ ቀና አለ። ሰዓቱን አየ።
«አሥራ አንድ ደቂቃ ዘግይታችኋል።»
ከትራሱ ሥር አረንጓዴዋን መዘዘ።

ባቡሩ ዋሻው ውስጥ ገባ፤ ሞተሩ ተሰማ፣ ከዚያ ጠፋ።
ጠበቅን።
«ዘውገ! አርባ ዓመት ስነግርህ፤ ኩርባ ላይ ትቸኩላለህ!»
ሂክማ በሆዷ ተስባ ገባች፤ ድምጿ ከሥር መጣ፤
«አገኘሁት! ከሀዲድ ያወጣው ጫማ ነው፤
ነጠላ ጫማህ… የቀኙ።»

ማንም አልተነፈሰ። ደጃፍ ያሉት ልጆች እንኳ።
ሮብሌ ጣሪያውን አየ፤ የቆርቆሮውን ቀዳዳ የሚቆጥር መሰለ።
ከዚያ አረንጓዴዋን እንደገና አነሳ፤
«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጫኚዋ!»

ወጣ ባቡሩ፣ እያቃሰተ፣
ከራሱ የሚረዝም ጫማ በሰርዲኑ ላይ ተሸክሞ፣
ቡናማው ጎን ወደ ጁሃር፣ አረንጓዴው ወደ ዘውገ።

ለጭነት ቲኬት አይቆረጥም፤ ደንቡን አውቃለሁ።
ግን ከቦርሳዬ የድሮ መብሻዬን አወጣሁ፣
ከክብሪት ቀፎ ቀደድኩና
አንድ በሳሁ።