የፈንታሁን ሳንቃ

በሰም አለስልሶ የዋንዛውን ሳንቃ፣
ፈንታሁን በር አንኳኳ፣ ጎንደር ገና ሳትነቃ።
«ቡዋሂት ነጭ ለብሷል፤ ተነሱ፣ ዛሬውኑ እንድረስ፣
ይቺን ጋልበን እንወርዳለን፣ ያለ በቅሎ፣ ያለ ፈረስ!»

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው ተኝቶ፤
ረዳቱ በእግሩ መራን፣ የስልኩን መብራት አብርቶ።
ዳባት ላይ ወረደልን፣ ስንመኘው የነበረ፤
ግን ጠጠር ሆኖ ነው፣ የፊቱን መስታወት ሰበረ።

ደባርቅ ላይ ዘበኛው ገመድ ወጥሮ ጠበቀን፤
ሳንቃውን አየና፣ «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን።

ማንም አልሳቀ።
በእርጥብ ካልሲ ሽሮ በልተን ዞርን።

አሁን ፒያሳ፣ በሱቁ ደጃፍ፣ አራት እግር ተበጅቶለት፣
ደንበኛ ይቀመጥበታል፤ ሰሙ ግን ዛሬም አለበት፤
አንዳንዱን ያንሸራትተዋል።