ሮዳጆ

"አባዱላው ጣራ ላይ ይጫን" ቢለኝ ረዳቱ፣ "ሞቼ እገኛለሁ" አልኩት፤
ከባሕር ዳር እስከ አዲስ ቅዳም
እንደ ክርስትና ልጅ ጭኔ ላይ ታቅፌ አመጣሁት።

ሠላሳ ስምንት ሺህ ብር ነው፦ አንድ ወይፈን አለበት፣
ዐሥር ማዳበሪያ የዲከረንስ ከሰል፣ የሚስቴም ዕቁብ አለበት፤
ባለሱቁ "ኦሪጅናል ነው" ሲል የእናቱን ስም ጠራበት፤
እኔ ግን አፉን ትቼ ብሎኑን አየሁ፣
ካቻቢቴ የነካው ጭረት እንዳይኖርበት።

ውብአንተ የሞተር ሐኪም ነው፤ ድሮ ግን ዜማ የተማረ፣
ጾመ ድጓን ዘልቆ፣ ድጓው ላይ ሲደርስ በረኀብ የቀረ።
በጨርቅ እጁን ጠርጎ መጋዙን ዳበሰና
"የሸጥከውን ወይፈን እንዴት ነበር የገራኸው?" አለኝ ቀና አለና።
"በርጥብ መሬት፣ ባጭር ትልም፣
ካረጀ በሬ አጣምሬ፣ ጅራፍ ሳላሳየው።"
"ይኸንንም እንደዚያው።"

ቤንዚን በሃይላንድ ለካን፣ ዘይቱን በከብት ሐኪም መርፌ፤
ላንድ ሊትር ሃያ አምስት ሚሊ።
"በዘይት የሰሰተ በፒስተን ይከፍላል" አለ፤
ተረት ይሁን የራሱ ቃል፣ እንጃ።

ሰንሰለቱን ዘይት ውስጥ ነክሬ፣ መጋዙን አልጋ ሥር ሸጎጥኩ፤
"ጣውንት አመጣህብኝ?" ብላ ጥሩወርቅ ሳቀች፤
ኋላ ግን ቤንዚኑ ሲከረፋት
ትራሷን ይዛ መደብ ላይ ወጣች።

ሲነጋ ገመዱን ሳብኩት፦ ዝም።
ደገምኩት፦ ዝም።
ሦስተኛው ላይ እንደ አዛውንት ሳለ፤
አራተኛው ላይ ተነሣ፤ ውሻው ሁሉ ተንጫጫ፣
ቁራው ከኮሶው ኮበለለ።

"ጉሮሮውን ሙሉ አትክፈተው" — ውብአንተ እንዳለው፣
የመጀመሪያውን ታንክ ቅርንጫፍ ብቻ ነው ያበላሁት፣ እንደ ክንዴ የቀጠነው፤
ሁለተኛውን፣ ጭን የሚያህል ግንድ። በየመሃሉ አጠፋሁና
ሰንሰለቱን በጣቴ ሳብ አድርጌ አየሁ፤ አዲስ ሰንሰለት እንደ አዲስ ጠፍር ይላላልና።
"በትኩሱ ግን እንዳታጠብቀው" ብሎኛል፤ "ሲበርድ ተኮማትሮ
ወይ ይሰብራል፣ ወይ ይሰበራል።"
ስለ ብረት ነበር የሚያወራው።
እኔ ግን ቀና ብዬ ከወንዙ ማዶ
የአንሙትን ቤት አየሁ፤ ጭሱ ከክዳኑ ይወጣል።

ሦስተኛው ታንክ ላይ ውብአንተ መጣ፤ ካቻቢቴውን እንደ መቋሚያ ይዞ፣
ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣ ግንዱን ተመርኩዞ።
"ሲያጓራ፣ ይህ ዕዝል ነው፤ ቤንዚን በዝቶ ጠግቧል።
ሲያላዝን፣ አራራይ ነው፤ ጠምቶታል፣ ውስጡ ነዷል፤
በዚህ ዜማ ካቆየኸው እያለቀሰ ይሞታል።
ሩብ ዙር ወደ ግራ... ቆይ... ትንሽ መልስ...
ይኸው ግዕዙ! ሰማህ?"

አልሰማሁም።
እኔ ጆሮ ውስጥ ያለው የሌላ መጋዝ ድምፅ ነው፤
ሁለት እጀታ ያለው፣ ካባታችን የወረስነው፤
እሱ ሲስብ እኔ ስለቅ፣ እኔ ስስብ እሱ ሲለቅ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ባንድ ትንፋሽ፣ ግንዱ እስኪያልቅ።
ኋላ የሦስት እርምጃ ድንበር መጣ፤
ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ቃል በትኩሱ ጠበቀ፤
ሁለት ክረምት ሆነው፣ ሰላምታ ካለቀ።
ያ መጋዝ ግድግዳ ላይ ነው። አንዱን እጀታ ምስጥ በልቶታል፤
የሱን ይሁን የኔን አልለየሁም።
ይኼኛው ባንድ ሰው ይሠራል።
ለዚህ እንደገዛሁት ለማንም አልነገርኩም።

"አሁን ሚኒሞውን" አለ ውብአንተ። "ልብ በል፦
ጣትህን ስታነሣ ሰንሰለቱ መቆም አለበት፤
ሞተሩ ግን መሞት የለበትም።"
ቆመ። አልሞተም።
እጄ ላይ እንደተኛ ዱቅ ዱቅ ዱቅ እያለ ተነፈሰ።

ውብአንተ ሄደ። ዲከረንሱን እያጋደምኩ ወንዙ ዳር ደረስኩ።
ከማዶ አንድ ሰው ቆሟል፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ መዳፉን ጆሮው ላይ አድርጎ፤
የሁለት ክረምቱን የመጀመሪያ ቃል ጮኸ፦
"ሰንሰለቱ ላልቷል! አይሰማህም?"

አጠፋሁት። በጣቴ ሳብኩት። እውነቱን ነው።
ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ፤
ብረቱ ገና ይፋጃል።
ግንዱ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ማዶ ተቀመጠ።
እስኪበርድ
ጠበቅን።