ይጫኑ

ሰኞ ጠዋት መጣ አዲሱ ገጽታ፣
ማንም ሳይጠይቀው፣ ማንም ሳይረታ።
አረንጓዴው ቁልፍ ግራጫ ለበሰ፣
«ማስገቢያ» የሚለው ወደ ታች ፈለሰ።

ኩንጃምቡ ጸሐፊው፣ የታላሴሪው ሰው፣
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ መዝገብ ያመላለሰው፣
ክር በመርፌ ሰክቶ ወረቀት ሲሰፋ
አንድም የሰው ጉዳይ ከእጁ ያልጠፋ፣
ዛሬ ጣቱ ፈራ።

የይግባኙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ያልቃል።
ጎረቤት ያጠረው የማዳቪ ጉድጓድ
በአሥራ ሰባት ገጽ ታጥፎ ይጠብቃል።

«ይጫኑ» ይለዋል።
ጫነ።
«ከመጠን በላይ ነው፤ ቀንሰው ይጫኑ።»
ጭነት እንደምትመርጥ እንደ ሰነፍ በቅሎ!
ለሁለት ከፈለው፣ ለአራት ከፈለው፣
ጫነ።
«ፊርማው አልታወቀም።»
የገዛ ፊርማው ነው፣ የገዛ እጁ የጣለው።

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል፣
ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል።
እኔ ብሆን ኖሮ «በሕግ አምላክ!» ባልኩት፤
የሚሮጥ ሌባ እንኳ ይቆማል ሲሉት።
ሰዓቱ ግን የማንን አምላክ ይፈራል?

በግድግዳው ሰዓት ሁለት ደቂቃ አለው፤
በማሽኑ ሰዓት ቀኑ ነገ ሆኗል።
«ጊዜው አልፏል» አለው፣
ከታች፣ በትሕትና፣
«ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን።»

በነጋታው ያንን ገጽ አትሞ፣
በነጭ ክር ሰፍቶ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ
መዝገብ ቤት ደረሰ።
መስኮቱ ተደፍኗል፤
የቀለሙ ሽታ ገና አልለቀቀም።
ዘበኛው በአገጩ ወደ ግድግዳው ጠቆመ፦
«የሲስተም ብልሽትን የሚመለከት አቤቱታ
የሚቀርበው በሲስተሙ ብቻ ነው።»

ማዳቪ ከኋላው፣ ባዶ ባልዲ ይዛ፣
«መነጽሬን ረሳሁ፤
ምን ይላል?» አለችው።