ወንበር ቁጥር ሰማንያ ስምንት

ቅዳሜ ነው፤ አዳማ፤ ከሰዓት በኋላ፤
ነፋሱ የአዳራሹን ጣራ እየላገ፣
አቧራው በር ላይ፣ ካርድ እንደሌለው ሰው፣ ወዲያ ወዲህ ሲጉላላ።
የከተማው የምስጋና ቀን።

በነጩ ወንበሬ ጀርባ፣ በቀይ ቀለም፣ በወፍራም ቁጥር፣
ሰማንያ ስምንት ተጽፏል። አውቀዋለሁ፤
አባቴን የቀበርን ሰሞን፣ ሦስት ቀን ሙሉ፣ ድንኳን ስር፣
እኔን ይዞ ከርሟል፤ አንድ እግሩ ያኔም ያነክስ ነበር።
ለካ ይህ ሁሉ ሹም፣ ይህ ሁሉ ባለ ከረባት፣
የተደላደለው በእድራችን የሐዘን ወንበር ላይ ነው፤ በአንድ ቀን ውሰት።

ስም ይጠራል።
ሲስተር ውብነሽ ላምቦሬ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት በአዋላጅነት፤
ስትወጣ የአዳራሹ ግማሽ ተሽኮረመመ፤
ራቁቱን ነው የምታውቀው፣ ስም ሳይወጣለት።
የፍራንኮ ባጃጆች ማኅበር፤ ምጥ ከያዛት ሴት፣ በውድቅት፣
ሂሳብ የማይቀበሉት።
ጀማሉ ወጣ፤ እጁን ሁለቴ በሱሪው ጠርጎ፣
ሹሙን ጨበጠው፤ ሹሙም መዳፉን አየው፣ አንዳች ነገር ፈልጎ።
ደግሞ የማታው ትምህርት ቤት፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ አምፖል፤
ከተማሪዎቹ ሁሉ ታላቋ፣ ጣቷን እያስቀደመች ንግግሯን አነበበች፤
የገዛ ስሟ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ደገመች።

«የሰፈሩ እድር! ዋንጫውን የሚቀበሉ፣
የእድሩ ለፋፊ፣ አቶ በዳዳ ወዬሳ!»
ዝም።
«አቶ በዳዳ ወዬሳ!»
ነፋሱ ብቻ ጣራው ላይ አንዴ ወደቀ፣ አንዴ ተነሣ።
ሦስተኛም ተጠሩ።
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ጎህ ሳይቀድ፣ በየአጥሩ ስር
የሰው ስም ሲጠሩ የኖሩ ሰው፣
ለራሳቸው ስም «አቤት» የሚል ጠፋሳ!

የአባቴንም ስም፣ ሙሉውን፣ እስከ አያቱ፣
መጀመሪያ የሰማሁት ከእሳቸው አፍ ነው፤
ቤታችን ውስጥ «አባዬ» ነበር፤ ሌላ ስም የለውም፣ በሕይወቱ።

ሰብሳቢው ሳለ፤
ማይኩ ሲጥ ብሎ ዝም አለ፤
ያኔ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ከአቧራው ጋር ተያይዞ፣
ጥሩንባ በመስኮት ዘለለ።
«እድርተኛ ሆይ! ቡልቶ ጋሪ ነጂው አርፏል!
ድንኳን አሁን ይተከላል!»

ቡልቶ። ከተሸላሚዎቹ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤
ፈረሱን ከሸጠ ወዲህ ማንም አላስታወሰውም።
ግን መጀመሪያ ሲስተር ውብነሽ ተነሣች፤
ነጠላዋን አዘቀዘቀች።
ከዚያ ጀማሉ፤ ከዚያ ያቺ አንባቢ፤ ከዚያ ረድፉ በረድፍ ተከትሎ፣
እያንዳንዱ የተቀመጠበትን ወንበር በአናቱ ደፍቶ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ።
ሹሙም ተነሣ፤ ምን ያድርግ፤
የእሱም ወንበር ቁጥር ነበረው።

ዋንጫውን እኔ ያዝኩ፤ ሰማንያ ስምንትን በራሴ ደፍቼ፤
ጋሽ በዳዳን ካስማ ሲመቱ አገኘኋቸው፤
«ተሸለሙ እኮ!» አልኳቸው፣ ጆሯቸው ድረስ ተጠግቼ።
ቀና አላሉም። «ያንን ገመድ ያዢልኝ» አሉ።
ያዝኩ።

ጠረጴዛው ላይ የመዋጮው መዝገብ፣
ነፋስ ገጹን እያገላበጠ፣ ጸሐፊውን ልጅ አላስጽፍ ብሎታል፤
አንዴ የመስከረም፣ አንዴ የአምና ሙታን ይመጡበታል።
ጋሽ በዳዳ እጃቸውን አራግፈው መጡ፤
ዋንጫውን ከእጄ ወሰዱ፤ አገላብጠው አዩት፤
ክብደቱን መዘኑና
መዝገቡ ላይ አስቀመጡት።

ገጹ ረጋ።
ልጁ ከቡልቶ ስም ስር መጻፍ ጀመረ።
እኔም ወንበሬን ከጠረጴዛው ጎን አኖርኩት፤
ለሚያነክሰው እግሩ
ጠጠር ፈልጌ አደረግሁለት።